ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበደር ሰው፦ ክሬዲት ካርድ ወይስ ብድር?

«ለመጀመሪያ ጊዜ ልበደር ነው፤ ክሬዲት ካርድ ላውጣ ወይስ ብድር ልውሰድ?» የሚለው ጥያቄ ከወዳጆቼ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ መጠኑ ታውቆ፣ የሚያልቅበት ቀን ተቆርጦ የሚወሰድ ብድር ይሻላል። ይህን የምለው የመጀመሪያ ዕዳዬን በካርድ ገብቼ ስለተጎዳሁ ነው።

በካርዱ የገዛሁት ማቀዝቀዣ ነበር። በወሩ መጨረሻ በደረሰኝ የሂሳብ መግለጫ ላይ «ዝቅተኛ ክፍያ»፣ ማለትም በወሩ ቢያንስ መከፈል ያለበት መጠን፣ የሚለው መስመር ደምቆ ተጽፏል፤ ጠቅላላ ዕዳው ደግሞ ከሥሩ በቀጭን ፊደል ሰፍሯል። እኔም የደመቀውን ቁጥር ቀኑን ሳላሳልፍ እየከፈልኩ ዕዳዬን በሥርዓት የምወጣ መስሎኝ ከረምኩ። ዓመት ሲሞላ መግለጫዎቹን ደርድሬ ስደምር፣ ከከፈልኩት አብዛኛው ለወለድ ሄዶ ዋናው ዕዳ እምብዛም ሳይነካ አገኘሁት።

ስሌቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ዕዳው 12,000፣ ወለዱ በወር 2 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 24 በመቶ፣ ዝቅተኛው ክፍያ ደግሞ የቀሪው ዕዳ 3 በመቶ ነው እንበል። በመጀመሪያው ወር 360 ይከፈላል፤ ከዚህ ውስጥ 240ው ወለድ ስለሆነ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 120 ብቻ ነው። በካርዱ ሌላ ምንም ነገር ሳይገዛ ዓመቱን ሙሉ በዚህ መንገድ የከፈለ ሰው 4,090 ገደማ ከኪሱ አውጥቶ፣ ገና 10,637 ገደማ ዕዳ ይቀረዋል። ዝቅተኛው ክፍያ ከዕዳው ጋር አብሮ ስለሚያንስ ሸክሙ እየቀለለ የሄደ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ የመክፈያው ዘመን ይረዝማል።

ይኸው 12,000 በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ በቀሪው ዕዳ ላይ እየተሰላ በ12 ወር የሚመለስ ብድር ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 1,066 ገደማ፣ የዓመቱ ወለድ በጠቅላላ 794 ገደማ ይሆናል። ወርሃዊ ክፍያው ከካርዱ ዝቅተኛ ክፍያ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ ሆኖም በአሥራ ሁለተኛው ወር ዕዳው ያልቃል።

ብድር ስል ግን ማንኛውንም ብድር ማለቴ አይደለም። ፍላት በሚባለው አሠራር ወለዱ እስከ መጨረሻው ወር የሚሰላው መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው፤ ተበዳሪው ግማሹን መልሶ እንኳ ለሙሉው ወለድ ይከፍላል። በዚህ ስሌት የዓመቱ ወለድ ከ794 ወደ 1,440 ይወጣል፤ ሁለቱም ግን የሚነገሩት «12 በመቶ» ተብለው ነው። በ24 በመቶው ካርድ ያለበትን ዕዳ በ12 እኩል ክፍያ የሚጨርስ ሰው የሚከፍለው ወለድ 1,617 ገደማ ስለሆነ፣ ፍላት ብድሩ ከዚያ ውድ ካርድ ያን ያህል አይርቅም። ስለዚህ «ወለዱ ስንት በመቶ ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በእጄ የሚገባው ስንት ነው፣ በጠቅላላ የምመልሰውስ ስንት ነው ብሎ መጠየቅና የየወሩን ክፍያ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። የአገልግሎት ክፍያው 3 በመቶ ሆኖ ከብድሩ ላይ አስቀድሞ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ተበዳሪው 11,640 ተቀብሎ የ12,000 ወለድ ይከፍላል። ቀድሞ መክፈል ቅጣት ያስከትል እንደሆነም ውሉ ላይ ማየት ይገባል።

ብድር መስለው በስልክ የሚመጡ አጥማጆችም አሉ። ብድሩን ለመልቀቅ በቅድሚያ ገንዘብ የሚያስልክ አበዳሪ አጭበርባሪ ነው። የስልክ ማውጫህን ካልከፈትክልኝ የሚል መተግበሪያም ክፍያ ቢዘገይ ለዘመድ አዝማድ ደውሎ ለማዋረድ ሊጠቀምበት ስለሚችል መሸሽ ይገባል። በሳምንት 5 በመቶ የሚለው ወለድም ትንሽ ይመስላል እንጂ በዓመት ሲሰላ 260 በመቶ ነው።

ካርድ የሚጠቅመው ሙሉ ዕዳውን በየወሩ ለሚዘጋ ሰው ነው። የእፎይታ ጊዜ በሚሰጥ ካርድ የተገዛ ዕቃ ሙሉ ሂሳቡ በቀነ ገደቡ ከተከፈለ ወለድ የለበትም፤ በዚህ ረገድ ወለድ ያለበት የትኛውም ብድር አይስተካከለውም። ከዕዳው ጥቂት እንኳ ከተረፈ ግን ብዙ ካርዶች እፎይታውን ያነሱና አዲስ የተገዛው ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ክፍያም፣ ከዚያው ዕለት የሚጀምር ወለድም ስላለበት ለአዲስ ተበዳሪ ፈጽሞ አልመክረውም። የብድር ታሪክ በሚመዘገብበት አገር ሁለቱም በቀኑ ከተከፈሉ መልካም ስም ያስገኛሉ፤ ስለዚህ ለዚህ ብቻ ተብሎ ካርድ ማስቀደም አያስፈልግም።

እኔ ዛሬም ካርድ አለኝ፤ ሙሉ ዕዳው በየወሩ በቀጥታ ከሂሳቤ እንዲቆረጥ አዝዣለሁ። የማቀዝቀዣ ያህል ዋጋ ያለው ዕቃ ሲያስፈልገኝ ግን የክፍያ ሠንጠረዡን በእጄ ይዤ፣ የመጨረሻውን ወር አይቼ ብድር እወስዳለሁ።