የድርጅትዎ ድረ ገጽ፦ ቤት ባለ ሰርቨር ወይስ በኪራይ? ንጽጽር ለሰሜን ሸዋ ነጋዴዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ሱቅ ያለው፣ አንኮበር ላይ ማረፊያ የከፈተ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት በጅምላ የሚያከፋፍል ሰው ድረ ገጽ ላሠራ ብሎ ሲነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። በየዓመቱ የሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ቦታ) ኪራይ ከምከፍል፣ ቤት የተቀመጠውን አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርብ ማሽን) ባደርገውስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ላፕቶፑ አለ። ዋይፋዩ ገብቷል። ሶፍትዌሩም ነጻ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ ከብዷል፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል።

የኔን ምክር ከፊት ላስቀምጠው። ደንበኛ የሚያየው ገጽ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ቤት ያለው ማሽን ግን አይጣል፤ ለሌላ ሥራ በጣም ይጠቅማል። ምክንያቱን እንየው።

ምን ምን ምርጫ አለ?

የቤት ሰርቨር ሲሆን ማሽኑም፣ መስመሩም፣ መብራቱም፣ ጥበቃውም የእርስዎ ኃላፊነት ነው። የጋራ ሆስቲንግ የሚባለው በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ከብዙ ሰው ጋር ቦታ መከራየት ነው፤ የተለመደው ይኸ ነው። ቪፒኤስ ደግሞ ለብቻዎ ተከልሎ የሚሰጥ ሰርቨር ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሊኑክስ (ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ሲስተም) የሚያውቅ ሰውም ይፈልጋል። አራተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ገጽዎ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ክላውድፍሌር ፔጅስ ያሉ አገልግሎቶች በነጻ ያስቀምጡልዎታል። ጊትሀብ ፔጅስም ነጻ ነው። ደንቡ ግን የኦንላይን ንግድ ማካሄጃ እንዲሆን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ለሱቅ አይሆንም።

መብራት ሲጠፋ

ከሁሉም በላይ ንጽጽሩን የሚወስነው ይኸ ነው። ማታ መብራት ጠፋ እንበል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አይጠፋም። ስክሪኑ ትንሽ ደብዘዝ ይላል እንጂ ሥራው ይቀጥላል። ራውተሩ ግን በዚያው ቅጽበት ድርግም ይላል፤ ፋይበር ከሆነ ግድግዳ ላይ ያለችው ሣጥንም አብራው ትጠፋለች። ሰርቨሩ በርቶ ድረ ገጹ የለም። መብራት ሲመጣም ራውተሩ ተነስቶ መስመር እስኪይዝ ደቂቃዎች ያልፋሉ። አንዳንዴ አዲስ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ይዞ ይነሳል፤ ያኔ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) አሮጌውን አድራሻ ሲፈልግ ይቀራል።

ስለዚህ ቤት ለማድረግ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ባትሪ የሚገዛው ለራውተሩ ነው። ለዚሁ የተሠሩ ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤሶች (መጠባበቂያ ባትሪዎች) አሉ፤ ራውተርን ለሰዓታት ያቆያሉ። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ ሁሉም 12 አይደለም። ሰርቨሩ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ማስተካከል ግድ ነው። አለበለዚያ እርስዎ ለቅሶ ሄደው ማሽኑ እስኪመለሱ ጠፍቶ ይጠብቃል።

ፍጆታው አያስፈራም። 20 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በወር 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 80 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ 57.6 ይደርሳል። 5 ዋት ገደማ የሚወስድ ራዝቤሪ ፓይ (መዳፍ የምታህል ትንሽ ኮምፒውተር) 3.6 ብቻ ነው። ይህን በመብራት ሂሳብዎ ታሪፍ ያባዙት። ዴስክቶፑን ከወዲሁ ቢተዉት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ዓመቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ የሚውል የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ወዲያው ነቅለው ያውጡት። ቤትዎ ልጆች የሚተኙበት ነው፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

መስመሩስ?

ሰው ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ሲያወራ ስለ ማውረጃው ነው። ሰርቨር ለያዘ ሰው ግን ወሳኙ መጫኛው ነው፤ ደንበኛው የሚያወርደው ገጽ ከእርስዎ ቤት ተነስቶ የሚወጣ ነውና። በስልክ ሽቦ በሚመጣው ኤዲኤስኤል መጫኛው ከማውረጃው በጣም ያንሳል። ስሌቱ ቀላል ነው። የ1 ሜጋቢት መጫኛ በሰከንድ 125 ኪሎባይት ያወጣል። በስልክ ያነሱት የአንድ በርኖስ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ ያን አንድ ፎቶ አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ለማድረስ 32 ሰከንድ ይፈጃል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከገባ ከአንድ ደቂቃ ያልፋል። ማን ይጠብቃል? ያንኑ ፎቶ ወደ 150 ኪሎባይት ካሳነሱት ግን ከሁለት ሰከንድ በታች ነው። ፎቶ ማሳነስ የትም ቢያስቀምጡት ይጠቅማል። ቤት ከሆነ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት አይፒ ነው። ብዙ መስመር፣ በተለይ የሞባይል ዳታ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን የአደባባይ አይፒ አይሰጥም። ብዙ ሰው ከአንድ አይፒ ጀርባ ይሰለፋል። እንዲህ ከሆነ ራውተሩ ላይ ፖርት 80ን እና 443ን (ድረ ገጽ የሚገባባቸውን በሮች) ቢከፍቱም ከውጭ ማንም አይገባም። ማረጋገጫው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለው፣ ካልሆነም ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ጽፈው ይግቡ። ስታተስ (Status) የሚለውን ገጽ ይክፈቱና ዋን (WAN) የሚለው ጎን ያለውን አይፒ ይጻፉት። ከዚያ ጎግል ላይ «what is my ip» ብለው የራስዎን አይፒ ይፈልጉ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ የራስዎ የአደባባይ አይፒ አለዎት ማለት ነው። የራውተሩ ቁጥር በ10 ቢጀምር፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ቢወድቅ፣ ከጋራ አይፒ ጀርባ ነዎት።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ክላውድፍሌር ተነል የሚባለው ነጻ አገልግሎት ፖርት መክፈት አያስፈልገውም። ማሽንዎ ራሱ ወደ ውጭ ግንኙነት ይከፍታል፣ ደንበኛውም በዚያው ይገባል። የአይፒ መቀያየሩንም ችግር አብሮ ይፈታል። ቤት የሚያስቀምጥ ሰው በዚህ ቢሄድ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ግን መስመሩ ካለ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። እንዲህ ባለ ጊዜ በቤት ሞባይል ዳታ የሚሠራ ድረ ገጽ አዲስ አበባ ላለው ደንበኛም፣ ውጭ አገር ላለው ዘመድም የለም ማለት ነው። ውጭ የተቀመጠ ገጽ ግን እርስዎ ራስዎ ማየት ባይችሉ እንኳ ለሌላው ክፍት ነው። ስልክ ቁጥሩ ላይ ይደወላል፣ ትዕዛዝ ይመጣል። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃኛል።

ገንዘቡ

ዶሜይን የትም ቢያስቀምጡት ይገዛል። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው፤ በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የውጭ ሆስቲንግ ዶላር የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፣ ብዙ ነጋዴ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። በብር፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የሚቀበሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጮች አሉ። ዋጋ ሲያወዳድሩ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ አይመኑ፤ የእድሳቱን ይጠይቁ። የቤት ሰርቨር ነጻ ይመስላል እንጂ ዩፒኤሱ፣ ዲስኩ፣ መብራቱና የእርስዎ ጊዜ ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከጋራ ሆስቲንግ ኪራይ ይበልጣል።

ጥበቃ

ፖርት የከፈተ ማሽን ብዙም ሳይቆይ ከዓለም ዙሪያ የሚያንኳኳ አውቶማቲክ ፕሮግራም ይመጣበታል። ሎጉን (የማሽኑን የክንውን መዝገብ) ሲከፍቱት «ሩት»፣ «አድሚን» እያለ የይለፍ ቃል የሚሞክር ተራ በተራ ተሰልፎ ያገኙታል። ያልታደሰ ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ካለ ሰርጎ ገቦች በተነልም ቢሆን ሊገቡ ይችላሉ። ገብተው ደግሞ ከዚያው ዋይፋይ ላይ ያለው የልጆች ስልክ፣ የሱቁ ካሜራና የሂሳብ ኮምፒውተርዎ አጠገብ ደረሱ ማለት ነው። ኪራይ ላይ ቢጠለፍ ጉዳቱ ገጹ ላይ ይቆማል። የገጹን ግንኙነት የሚያመሰጥረው የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት ጉዳይ ግን አያሳስብዎ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ለሁሉም በነጻ ይሰጣል። ኢሜይልን ግን ቤት ለማስተናገድ በፍጹም አይሞክሩ። ከቤት አይፒ የተላከ ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ይወድቃል።

ብርዱና ከፍታው

ደብረ ብርሃን ቅዝቃዜዋ ለማሽን ምቹ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ሙቀቱና አቧራው የላፕቶፕ ፋን ይደፍናል። የመንዝ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ይበል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጭንቅላት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ አየር ሲሳሳ ወደ ዲስኩ ይቀርባል። ብዙ አምራቾች የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ይወስናሉ። የመንዝ ደጋ ከዚያ የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ይጠቀሙ፤ ከፍታው አያሳስበውም።

ታዲያ ማን ምን ይያዝ?

በርኖስ፣ ባና ወይም ብርድ ልብስ የሚሸጥ፣ ፎቶ፣ ዋጋና ስልክ ለማሳየት ብቻ ድረ ገጽ የሚፈልግ ሰው ነጻውን የክላውድፍሌር ፔጅስ ይያዝ። ትዕዛዙ በስልክና በቴሌግራም ይምጣ። አንኮበር ላይ ክፍል የሚያከራይ፣ እንግዳው ራሱ ቀን መርጦ እንዲያስይዝ የሚፈልግ፣ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ዎርድፕረስ ይጫን። ቪፒኤስ ለአብዛኛው የአካባቢያችን ንግድ ከልክ በላይ ነው፤ የራሱን ፕሮግራም ያሠራ ካልሆነ አያዋጣም። ቤት ላይ ደንበኛ የሚያየው ገጽ ቢቀመጥ የማልቃወመው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቋሚ መስመር ላለው፣ ራውተሩ ባትሪ ላይ ለሆነ፣ ሊኑክስ ለሚያውቅና ገጹ ግማሽ ቀን ቢጠፋ ለማይጎዳ። ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ልጅ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም።

አሮጌው ላፕቶፕስ? ሱቁ ውስጥ ያኑሩት። የዕቃ መዝገብ፣ የዱቤ ደብተር፣ የዕለት ሽያጭ በውስጥ ዋይፋይ ይሠራበት። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ጓዳ ያለው ልጅ በስልኩ ስንት ብርድ ልብስ እንደቀረ ያያል፤ ይህን ውጭ ያለ ሰርቨር አያደርግም። ለውጭ ሰው ፖርት ስለማይከፈት የሚያንኳኳውም የለም። በየማታው የዕለቱን መዝገብ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ፍላሹ ሱቅ እንዳያድር፣ ቤት ይዘውት ይሂዱ።

ሆስቲንግ ሻጩ ጋ ሲሄዱ ከዋጋው በፊት ይህን ይጠይቁ። ዶሜይኑ በማን ስም ይመዘገባል? በእርስዎ ስምና በእርስዎ ኢሜይል መሆን አለበት። የሠራልዎ ልጅ በራሱ ስም ካስመዘገበው፣ ነገ ሲጣሉ ወይም ስልኩን ሲቀይር ታክሲው ላይና ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያሳተሙት አድራሻ የእርስዎ አይደለም። የሲፓነሉን (የሆስቲንጉን መቆጣጠሪያ ገጽ) የይለፍ ቃል ይቀበሉ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በስንት ቀን እንደሚወሰድና እርስዎ ራስዎ ማውረድ ይችሉ እንደሆነ ያሳዩኝ ይበሉ። ይህን ሳያሳይ ክፍያ የሚያስቸኩል ካለ፣ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።