«ፉል ኤችዲ» እየተባለ በሚሸጠው የፕሮጀክተር ስክሪን እንዳትሸወዱ

ወገን፣ ቤታችሁ ፕሮጀክተር ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎች ላይ «የፕሮጀክተር ኤልሲዲ ከነቦርዱ፣ ፉል ኤችዲ፣ ኦሪጅናል» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ኤልሲዲ የሚሉት ስክሪኑን ነው፤ ከኋላው ኃይለኛ ኤልኢዲ መብራት ይበራል፣ ብርሃኑ በስክሪኑና በሌንስ አልፎ ምስሉን ግድግዳ ላይ ያሳርፋል። ቀብድ በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ዕቃው ከቻይና ይመጣል፣ ቀሪውን ከፍላችሁ ትረከባላችሁ። እኔም ከአንዱ አዝዤ ነበር። ስሙን አልጠራም። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፣ ፎቶውም ጽሑፉም ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው እየተገለበጠ ነው የሚለጠፈው።

የመጣልኝ ባለ 7 ኢንች ስክሪን ነው። ጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ጎግል ሳደርገው 800 በ480 ሆኖ አገኘሁት። በጠቅላላው 384 ሺህ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ማለት ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ሲሆን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው። ከአምስት እጥፍ በላይ ልዩነት! ዋጋው ግን የፉል ኤችዲ ነው።

ለሻጩ ስነግረው «1080 ይቀበላል፣ ሞክረው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይቀበላል። ተንኮሉም እዚህ ጋ ነው። ከስክሪኑ ጋር የምትመጣው ትንሽ ቦርድ፣ ብዙ ጊዜ አርቲዲ 2660 ወይም 2662 የሚባል ቺፕ ያለባት፣ በኤችዲኤምአይ 1080 ስትሰጧት ትቀበልና ጨምቃ ወደ 800 በ480 ታወርደዋለች። ላፕቶፑም «1080 ነው» ብሎ ይጽፍላችኋል። በ7 ኢንች ላይ ሲታይ ደግሞ ምስሉ ያምራል፣ ዓይን አይለየውም። ጉዱ የሚወጣው ግድግዳ ላይ ነው። ወርዱን 2 ሜትር ስታደርጉት እያንዳንዷ ፒክስል 2.5 ሚሊሜትር ትሆናለች። ኳስ ስታዩ ጥግ ላይ ያለውን ውጤትና ሰዓት ለማንበብ ትቸገራላችሁ፣ ፊልም ላይ ያለውንማ ሰብታይትል ተዉት።

እስካሁን በእጄ የገቡት ባለ 7 ኢንችና ባለ 50 መስመር ጠፍጣፋ ኬብል ያላቸው ስክሪኖች 800 በ480 ወይም 1024 በ600 ናቸው። ፉል ኤችዲ የሆነ አንድም አላየሁም። ስለዚህ ሻጩ የሚለውን ትታችሁ የስክሪኑን ጀርባ ፎቶ ጠይቁት፣ የሞዴል ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጎ ያንሳው። «ስቲከሩ የለም»፣ «ዕቃው ገና መንገድ ላይ ነው» ካለ ለኔ ነገሩ እዚያው አለቀ፣ ቀብድ የሚባል ነገር አልልክም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ባለ 5.5 ኢንች 2ኬ ስክሪን የሚሸጡ አሉ፣ እነዚህ በፒክስል በኩል አይዋሹም። ግን ስክሪኑ የስልክ ዘር ስለሆነ የሚፈልገው ሲግናል ቁመቱ የሚረዝም ነው፣ 1440 በ2560። አብሮ የሚመጣው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ምስል አሳንሶ ወይም አዙሮ የማስተካከል አቅም የለውም። ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብታችሁ 90 ዲግሪ ካዞራችሁት ይሠራል። የዲሽ ሪሲቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ወርዱ የሚረዝም 720 ወይም 1080 ነው፣ ስትሰኩት ጨለማ። ሰው ለኳስ ብሎ ይገዛል፣ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካል፣ ጨለማውን ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ከፍቶ መነካካት ይጀምራል፣ ያኔ በእውነት ይበላሻል። ሻጩ ይህን ከመጀመሪያው አንድ መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት?

ከሁሉም የባሰው ደግሞ ሬዚን (በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ) ከሚጠቀሙ 3ዲ ፕሪንተሮች ላይ የወጣው ሞኖ ስክሪን ነው። ይሄ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚባል ፊልተር የለውም፣ የተሠራው ብርሃን ለማሳለፍ ብቻ ነው። «በጣም ብርሃን ያሳልፋል» ብለው ሲሸጡላችሁ እውነት ነው፣ ቀለም እንደሌለው ግን አይነግሯችሁም። አንድ ጠብታ ውሃ ስክሪኑ ላይ ጠብ አድርጉና ነጭ ምስል ከፍታችሁ በጠብታዋ በኩል ተመልከቱ፣ ወይም በስልክ ካሜራ በጣም ቀርባችሁ አንሱት። ሦስቱ ቀለሞች ካልታዩ ተዉት።

ብርሃንን ካነሳን አይቀር፣ «በቀን ብርሃን ያለመጋረጃ ያሳያል» የሚለውንም አትመኑ። ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ ወደ 9 ሺህ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይሰጣል እንበል። ባለ ቀለም ኤልሲዲ ከሚደርሰው ብርሃን የሚያሳልፈው በግምት 5 በመቶውን ነው። ፖላራይዘሩ (ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ብርሃን የሚያጣራ ስስ ፕላስቲክ) ግማሽ ያህሉን ይበላል፣ የቀለም ፊልተሩ ከቀረው ሁለት ሦስተኛውን፣ በፒክስሎቹ መሀል ያሉት ሽቦዎችም የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ስለዚህ የኤልኢዲው ብርሃን በሙሉ ስክሪኑ ላይ ቢያርፍ እንኳ (አያርፍም) 450 ሉመን ነው የምታገኙት። ለማታ ጥሩ ነው። ለቀን ግን ውሸት ነው።

አሁን ደግሞ ገዝታችሁ ዕቃው አልሠራ ወዳላችሁ ሰዎች ልምጣ። የሻጮቹ ሁሉ መልስ አንድ ነው፣ «አቃጥለኸዋል»። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ችግሩ የት እንደሆነ ለዩ።

ግድግዳው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ከሆነ ስክሪኑ ሞቷል ማለት አይደለም። እነዚህ ርካሽ ባለ 7 ኢንች ስክሪኖች ሲግናል ካልመጣላቸው ብርሃኑን ዝም ብለው ያሳልፋሉ። ቦርዱ ላይ ያለውን የሜኑ ቁልፍ ተጫኑ። ሜኑው ጥርት ብሎ ከመጣ ስክሪኑም ቦርዱም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ኤችዲኤምአይ ኬብሉ ወይም ሪሲቨሩ ጋ ነው። ሜኑውም ተበጣጥሶ ወይም ተደራርቦ ከመጣ ጠፍጣፋው ኬብል በደንብ አልገባም፣ ወይም ቦርዱ ላይ የተጫነው ፕሮግራም የሌላ ስክሪን ነው። የመጨረሻው የሻጩ ጥፋት ነው፣ እናንተ ምንም አላቃጠላችሁም። ኬብሉን ስታዩ ኃይል አጥፉ፣ የመሰኪያዋን መቆለፊያ በጥፍር ከፍ አድርጉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና መልሳችሁ ቆልፉ።

ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መስመር ካለና የስክሪኑን ጠርዝ በቀስታ ስትነኩት መስመሩ ከጠፋና ከተመለሰ፣ ኬብሉ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ለቋል። ይሄ በብየዳ አይሠራም፣ ልዩ የማጣበቂያ ማሽን ይፈልጋል። «እኔ እሠራልሃለሁ» ብሎ ብረት የሚያሞቅ ካገኛችሁ ሩጡ።

የተወሰኑ ሻጮች ደግሞ የኋላ መብራቱን ራሳቸው ፈተው «ለፕሮጀክተር ዝግጁ» ብለው ይሸጣሉ። ሲፈቱት ፖላራይዘሩን አብረው ልጠውት ይሆናል። ያኔ ሲግናል ቢኖርም ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ ስክሪኑን ወደ ነጭ ብርሃን አዙራችሁ በመነጽሩ በኩል እያሽከረከራችሁ እዩት። ምስሉ ብቅ ካለ ልጠውታል፣ ቪዲዮ ቅረጹና ብራችሁን ጠይቁ።

አንዱ ግን እውነትም የሙቀት ነው። ትንሽ ከሠራ በኋላ መሀል ላይ ጥቁር ነገር እንደ ቀለም ጠብታ እየሰፋ ከመጣ፣ ሲቀዘቅዝም ከጠፋ፣ ስክሪኑ ከመጠን በላይ ሞቋል። ወዲያው አጥፉት፣ ፋኑ በኤልኢዲው ላይ ብቻ ሳይሆን በስክሪኑ ፊትና ኋላም አየር እንዲያሳልፍ አድርጉ። ቢጫ ወይም ቡኒ ሆኖ ከቀረ ግን ፖላራይዘሩ ተቃጥሏል፣ በዚህኛው ሻጩን መክሰስ አይቻልም። ምንም እንኳ አብሮ የሚልኳት ፋን ለላፕቶፕ እንኳ የማትበቃ ብትሆንም።

ስትረከቡ ካርቶኑን ከመክፈታችሁ ጀምሮ ቪዲዮ ቅረጹ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አብሩት፣ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ክፈቱ፣ 1080 ላይ አድርጉት። ፊደሎቹ ከተጨፈላለቁ ስክሪኑ ፉል ኤችዲ አይደለም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ነገር የሚመጣው ከከፈላችሁ በኋላ ስለሆነ ቀሪውን ብር እስክትሞክሩ ያዙት፣ ደረሰኙ ላይም የስክሪኑ ሪዞሉሽን (የፒክስል ብዛት) በቁጥር ይጻፍ።

እንደኔ 800 በ480 የደረሳችሁና ብራችሁ አልመለስ ያላችሁ አትጣሉት። ፕሮጀክተሩን ወደ ግድግዳው አስጠጉና ሌንሱን ከስክሪኑ ትንሽ አርቁት። ወርዱን 1 ሜትር ስታደርጉት ፒክስሏ ወደ 1.25 ሚሊሜትር ትወርዳለች፣ ብርሃኑም ከ2 ሜትሩ አራት እጥፍ ይደምቃል። ማታ ኳስ ይታይበታል።