በቤቴ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የድምፅ ረዳት፦ የሆም አሲስታንት ቮይስ ግምገማ

ለዓመታት ስገለገልበት የነበረው የድምፅ ረዳት በመጨረሻ ያስመረረኝ በወሬኛነቱ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንዲያስታውሰኝ ሳዝዘው እሺ ብሎ ዝም በማለት ፈንታ «በነገራችን ላይ» እያለ ያልጠየቅሁትን አገልግሎት ያስተዋውቀኝ ጀመር። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ አጠገቡ ያለውን መብራት እንኳ ማጥፋት ያቅተው ነበር፤ ትእዛዜ የሚተረጎመው በሩቅ ሰርቨር ላይ ነበርና። ከእኔ መሣሪያ ውጭም ቢሆን፣ አማዞን ኤኮ በተባሉት አንዳንድ የድምፅ ረዳት መሣሪያዎቹ ላይ የነበረውን፣ ድምፅን ወደ ኩባንያው ላለመላክ የሚያስችል አማራጭ ከማርች 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንሳቱ፣ የገዛነው ዕቃ ጠባዩ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ በግልጽ ያሳያል።

በእርሱ ቦታ የተካሁት ሆም አሲስታንት ቮይስ ፕሪቪው ኤዲሽን በዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ትንሽ ነጭ ሣጥን ነው። በጎኑ ያለው ማጥፊያ የማይክሮፎኑን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ስለሚያቋርጥ፣ ጠፍቷል ሲል ለመጠራጠር ምክንያት የለኝም። የመቀስቀሻውን ቃል፣ ማለትም ረዳቱን ለመጥራት የሚባለውን ቃል፣ ሣጥኑ ራሱ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ንግግር ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ላይ የጫንኩት ዊስፐር የተባለ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፣ የቤት ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው ሆም አሲስታንት የተባለው ፕሮግራም ትእዛዙን ይፈጽማል፣ ፓይፐር የተባለው ፕሮግራም ደግሞ መልሱን ያነባል።

ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተሩ አቅም ላይ የተመሠረተ ነው። መጀመሪያ ራስፕቤሪ ፓይ 4 በተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ስሞክረው አንድ ትእዛዝ ለመረዳት 8 ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ስለነበር፣ ተነሥቶ ማብሪያውን መጫን ይቀል ነበር። ወደ አነስተኛ ፒሲ ካዛወርኩት በኋላ ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል።

መሳሳቱ አልቀረም፤ የተለወጠው ስሕተቱን ማየት መቻሌ ነው። የመኝታ ቤቱን «ላምፕ» እንዲያጠፋ በእንግሊዝኛ ሳዝዘው እንዲህ ያለ ዕቃ የለም እያለ አስቸገረኝ። የሆም አሲስታንትን የምርመራ ገጽ ስከፍት የሰማውን ቃል በቃል ጽፎት አገኘሁ፦ «ላምብ»፣ ማለትም የበግ ግልገል። ለመብራቱ «ላምብ» የሚል ተለዋጭ ስም ሰጠሁት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግልገሌ ያለ ችግር ይበራል፣ ይጠፋል። በቀድሞው መሣሪያ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ድምፄን ከፍ አድርጎ ከመድገም በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

በአማርኛ ለማዘዝ የሚያስብ ሰው ግን ከወዲሁ ይወቀው፦ አማርኛ ዊስፐር ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም፣ የሠለጠነበት የአማርኛ ድምፅ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ውጤቱ የሚያስተማምን አይደለም። አጠቃላይ ዕውቀት መጠየቅም ተጨማሪ የቋንቋ ሞዴል (ለጥያቄ መልስ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማገናኘት ይጠይቃል፤ እኔ መብራትና ሰዓት እንጂ ጭውውት ስለማልፈልግ አላገናኘሁትም። ከሣጥኑ ጋር የኤሌክትሪክ መሰኪያ አይመጣም። የራሱ ድምፅ ማጉያ ለአጭር መልስ ይበቃል፣ ለሙዚቃ ግን ደካማ ስለሆነ በ3.5 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ አሮጌ ስፒከር ሰክቼበታለሁ።