የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ፦ የሚቀንሰው ኪሎ የምን ኪሎ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ከሽቶና ከፀጉር ቅባት ጎን ተደርድሮ የሚሸጠው የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ በአብዛኛው የሚመጣው ባለ 20 ከረጢት ካርቶን ሆኖ ነው። ካርቶኑ ላይ ቀጭን ወገብና የልብስ ሰፊ ሜትር አለ። ዕድሜ የሚጠይቅ ሻጭ ስለሌለ የ14 ዓመት ተማሪም እንደ ማስቲካ ገዝታው ትሄዳለች። ይህን የጻፍነው በተለይ ለእሷና ለወላጆቿ ነው።

አንዱን ከረጢት ቀዳችሁ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱት። ጥቁሩ የሻይ ቅጠል ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ ስስና የተሰባበረ ቅጠል ነው። ሰናመኪ ነው! ሐረርም ድሬም ሆድ ሲደርቅ የሚፈላው ያው ሰናመኪ። ካርቶኑ ግን በዚህ ስም አይጠራውም፤ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል «ሴና»፣ «ካሲያ» ወይም «ፎሊየም ሴኔ» ይላል። ከእነዚህ አንዱ ካለበት የገዛችሁት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሴኖሳይድ የተባለ የሚያስቀምጥ ንጥረ ነገር ጨጓራንና ትንሹን አንጀት እንዳለ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት አንጀቱን ያኮማትራል፣ ውኃም ወደ ደም እንዳይመለስ ያደርጋል። ለዚህም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ማታ 2 ሰዓት የተጠጣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ያስሮጣል። የእንጀራው፣ የዘይቱና የሥጋው ጉልበት ግን በአብዛኛው ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት ነው፤ ሻዩ ሥራ ሲጀምር የበላችው ገብቶ አልቋል። የሚወጣው ውኃ፣ እንዲሁም ሶዲየምና ፖታሲየም የሚባሉ የሰውነት ጨዎች ናቸው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ጠዋት ሚዛን ላይ የጎደለው እሱ ነው፣ ስቡ አልተነካም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ሻዩ ሲቆም የሚሆነው ነው። ለሳምንታት ውኃ ያጣ ሰውነት ኩላሊቱ ጨውና ውኃ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሻዩ ሲቀር ይህ ወዲያው አይቆምም። ፊትና እግር ያብጣሉ፣ ሚዛኑ በቀናት ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ልጅቷ «ይኸው ወፈርኩ» ብላ ትመለስበታለች፤ አንዱ ከረጢት አልሠራ ሲላት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ታፈላለች። እብጠቱ ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጎድላል። ይህን ከማቆሟ በፊት ንገሯት፤ ካላወቀችው አትዘልቅበትም።

መጠኑም አይታወቅም። ከረጢቱ ስንት ሚሊግራም ሴኖሳይድ እንደያዘ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ 3 ደቂቃ የተዘፈዘፈና 10 ደቂቃ የተዘፈዘፈም እኩል አይሆኑም። በድሬ ሙቀት ላቡ ሲጨመርበት ፖታሲየም ቶሎ ይጎድላል፦ ጉልበት ይዝላል፣ ባት ይኮማተራል፣ ሲብስ የልብ ምት ይዛባል። ሌሎች አገሮች ውስጥ በተመረመሩ የማቅጠኛ ምርቶች ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ ሲቡትራሚን የተባለ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ልብ ላይ በሚያስከትለው አደጋ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። ሰናመኪን አንጠላም፤ ለሆድ ድርቀት፣ ለአዋቂ፣ ከአንድ ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ይረዳል። ለማቅጠኛ ግን አይሆንም፣ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ጨርሶ አንመክረውም።

ሻዩ ከተገኘ ሌላውንም እዩ፦ ምሳ ዕቃዋ ሳይነካ መመለሱን፣ ከማዕድ ተነሥታ መጸዳጃ ቤት መቆየቷን፣ በቀን ደጋግማ መመዘኗን፣ የወር አበባዋ መቅረቱን። ወንዶች ልጆችም ከዚህ አያመልጡም። ፆም ይህን ሊሸፍነው ይችላል። ረመዳንን ወይም ዐቢይ ፆምን ከቤተሰብ ጋር መፆም ሌላ ነው፤ አዛን ብሎ ቴምሩና ሳምቡሳው ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ብላ ከተነሣች፣ የፋሲካው ዶሮ ቀርቦም ሳህኗ ካልተነካ፣ የአመጋገብ መታወክ ሕመም መጀመሩን ጠርጥሩ።

አትቆጧት፤ ስለ ሰውነቷ ቅርጽ በጎም ክፉም አትናገሩ። ሦስቱን ማዕድ አብራችሁ ብሉ። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ብረትና 1,300 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ምስር፣ ጤፍ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ወተት ከቤት አይጥፉ። ለሆድ ድርቀቱ ከከፊራ ገበያ የሚገዛ ፓፓያ፣ ጠዋት ፉል፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ይበቃል።

በቀን ብዙ ከረጢት ስትጠጣ የቆየች ልጅ ከማቆሟ ጋር ሐኪም ይያት፣ ፖታሲየሟም በደም ይመርመር። ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ከተዛባ ወይም ደም ካስቀመጣት ሳትውሉ ሳታድሩ ድልጮራ ሪፈራል ሆስፒታል አድርሷት። ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀን ስንት ከረጢት፣ ለስንት ሳምንት እንደጠጣችም ለሐኪሙ ንገሩ።