ሰባቱ ሳሙራይ ወይስ ዮጂምቦ?

ሁለቱም የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ፊልሞች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ተዋናዩ ቶሺሮ ሚፉኔ አለ። "ሰባቱ ሳሙራይ" (እ.ኤ.አ. 1954) 207 ደቂቃ ነው፤ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። ገበሬዎቹ ከሽፍታ የሚጠብቋቸውን ሳሙራዮች (የድሮ ጃፓን ተዋጊዎች) የሚቀጥሩት በሩዝ ነው። ራሳቸው ግን ሩዙን አይቀምሱትም፤ ዳጉሳ መሰል እህል ይበላሉ። መጨረሻ ላይ ያለው የዝናብ ውጊያማ ሌላ ነው! ፈረሱም ሰዉም ጭቃ ውስጥ ይንቦጫረቃል፤ ማን የት እንዳለ ግን አይጠፋባችሁም።

"ዮጂምቦ" (1961) ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጌታ የሌለው አንድ ሳሙራይ ሁለት የወሮበላ ቡድኖችን እርስ በርስ ያባላል። ገና ከተማዋ ሲገባ፣ ውሻ የተቆረጠ የሰው እጅ በአፉ ይዞ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ስለ ከተማዋ ማብራሪያ አያስፈልግም። ደግሞም ያስቃል።

ለጀማሪ ዮጂምቦን ነው የማሳየው። እኔ ግን ጊዜ ካገኘሁ ወደ ጭቃው እመለሳለሁ።