ፓይተን ለማስተማር፦ ቶኒ ወይስ ፓይተን ቱተር?

የፕሮግራሚንግ ቋንቋውን ፓይተንን የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ኮዱ ሲሠራ ውስጥ ውስጡን የሚሆነውን ለተማሪ ለማሳየት የቱ ይሻላል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የፓይተን መጻፊያ ሶፍትዌር ቶኒ (Thonny) ወይስ ኮዱን በሥዕል የሚያሳየው ድረ ገጽ ፓይተን ቱተር (Python Tutor)? እኔ ቶኒን ነው የምለው፤ ዋናው ምክንያቴም ገንዘብ ነው።

ሁለቱም የሚከፈልባቸው አይደሉም። ፓይተን ቱተር ግን በብራውዘር ስለሚሠራ ትምህርት በተጀመረ ቁጥር ዳታ ይፈልጋል። ዋይፋይ በሌለበት ክፍል 30 ተማሪ ካለ 30ውም ከኪሱ ፓኬጅ ሊገዛ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም ያው ቆመ ማለት ነው። በኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቶኒ የዊንዶውስ ፋይሉ 20 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፓይተን አብሮት ስለሚመጣ ሌላ የሚጫን የለም። አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ ለሁሉም ማደል ነው። ዊንዶውስ 7 ለያዙ አሮጌ ላፕቶፖች የሚሆን ባለ 32 ቢትም አለው።

ፍላሽ ካነሳን አይቀር፣ ከሱቅ የምትገዙትን ሶፍትዌር ተጠንቀቁ። አንድ የኮምፒውተር ሱቅ «ሙሉው ፕሮፌሽናል» ብሎ የሸጠልኝ ክራክ የፕሮግራሚንግ ሶፍትዌር ፎልደሮቼን በሙሉ ሾርትከት አደረጋቸው። ፎርማት ለማስደረግ የከፈልኩት ሶፍትዌሩን ከገዛሁበት ይበልጣል፤ የተማሪዎቼ የፈተና ውጤትም አብሮ ጠፋ። ቶኒን እንሽጥላችሁ የሚል ቢመጣ አትግዙ፤ ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱት፣ ፍላሹንም ስካን ሳታደርጉ አትክፈቱ።

ክፍል ውስጥ ቶኒን የምወደው ሪከርዥን (ፈንክሽን የሚባለው የኮድ ክፍል ራሱን መልሶ ሲጠራ) ላይ ነው። የ4ን ፋክቶሪያል (4×3×2×1) የሚያሰላ ኮድ ጽፋችሁ ኮንትሮልና ኤፍ 5 ተጫኑ፤ ከዚያ በኤፍ 7 እየገባችሁ ሂዱ። ፈንክሽኑ ራሱን በጠራ ቁጥር አዲስ መስኮት ይከፈታል። 4 የ3ን መልስ፣ 3 የ2ን መልስ ሲጠብቅ መስኮቶቹ ተደራርበው ይታያሉ። መልሱ ሲመጣ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፤ ጥሪው የነበረበት ቦታም በቁጥር ይተካል። በሰሌዳ ስደጋግመው ያልገባቸው ልጆች እዚህ ላይ ይገባቸዋል።

ፓይተን ቱተር የሚበልጠው ሊስት (ብዙ ነገር በአንድ ላይ የሚያዝበት ዝርዝር) ላይ ነው። ሀ = [1, 2] ካላችሁ በኋላ ለ = ሀ ስትሉ፣ ሁለት ቀስቶች ወደ አንዱ ሊስት ሲያመለክቱ ተማሪው በዓይኑ ያያል፤ ለ ላይ 3 ሲጨመር ሀም ለምን እንደተቀየረ ማስረዳት አያስፈልግም። ቶኒም ይህን የሚያሳይበት መስኮት አለው፤ ግን በቀስት ፈንታ የሜሞሪ አድራሻ ቁጥር ስለሚደረድር ጀማሪን ግራ ያጋባል። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ብቻ የአስተማሪውን ሆትስፖት ከፍታችሁ በፕሮጀክተር አሳዩት፤ ዳታ የሚበላው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ይሆናል። ለፓይተን ቱተር ረጅም ሉፕ (የሚደጋገም ኮድ) ግን አትስጡት፣ 1000 እርምጃ ላይ ያቆማል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ ፋይልም አያነብም።