የጨቅላ ህፃን ማኒኪን (የልምምድ አሻንጉሊት) ልትገዙ ነው? ኒዮናታሊ፣ ኒዮናታሊ ላይቭ ወይስ ሲምኒውቢ

የነርሲንግ ወይም የሚድዋይፈሪ ትምህርት ክፍል በጀት ሲለቀቅለት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ትልቁ ላይ፣ ሲምኒውቢ ላይ ነው። ያለቅሳል፣ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ሲያንሰው ሰማያዊ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ለማሳየትም ያምራል። እኔ ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በሴሚስተሩ ውስጥ ስንት ተማሪ በገዛ እጁ አፍና አፍንጫ ላይ የሚገጠመውን ማስክ ይዞ አየር ይሰጥበታል?

ሦስቱም ከኖርዌዩ ላርዳል የሚመጡ ናቸው። ኒዮናታሊና ኒዮናታሊ ላይቭ ግን ለትርፍ የማይሠራው ላርዳል ግሎባል ሄልዝ ሥራዎች ናቸው፤ ድርጅቱ የተቋቋመው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ዋጋቸው ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በአንድ ሲምኒውቢ ዋጋ ብዙ ደርዘን ኒዮናታሊ ይገዛል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ይህ ልዩነት በብር ሲሰላ ያስደነግጣል።

ኒዮናታሊ ተጣጥፎ በትንሽ ቦርሳ ይመጣል፤ በአየር ወይም በውሃ ትሞሉታላችሁ። በውሃ ሙሉት። ወደ 2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሲገባበት እጅ ላይ ይከብዳል፣ ሰውነቱ ይዝለፈለፋል፣ ተማሪውም ሳይነገረው አንገቱን መደገፍ ይጀምራል። በአየር ብቻ ከተሞላ ተማሪው እንደ ኳስ ነው የሚያነሳው። ኤሌክትሪክ የለው፣ ባትሪ የለው፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም። አስተማሪው በቱቦ የተያያዙ የጎማ ፊኛዎችን እየጨመቀ እንዲተነፍስ፣ እንዲያለቅስና እትብቱ ላይ የልብ ትርታ እንዲሰማ ያደርጋል። ማስኩ ፊቱ ላይ በደንብ ካልገጠመ ደረቱ አይነሳም፤ ለኔ ዋናው ነገር ይኸው ነው። በወርቃማዋ ደቂቃ፣ ማለትም ከተወለደ በ60 ሴኮንድ ውስጥ፣ ህፃኑ ወይ መተንፈስ ወይ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አየር ማግኘት አለበት። ተማሪዎች በብዛት የሚቸገሩትም እዚያ ላይ ነው፤ ቅደም ተከተሉን በቃል ይወጡታል፣ ማስኩ ግን ያፈስባቸዋል።

ችግርም አለበት። ተማሪ ህፃኑን ትቶ የአስተማሪውን እጅ ማየት ይለምዳል፤ ፊኛ ሲጨመቅ ካየ «ልቡ እየመታ ነው» ይላችኋል፣ እትብቱን ሳይነካ። ፊኛዎቹን ፎጣ ስር መደበቅ ነው። ከክፍል በኋላም ውሃውን አፍስሶ የማድረቅ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መኖር አለበት፣ አለዚያ ይሻግታል።

ላይቭ ይህንን የአስተማሪ ጥገኝነት ይቀንሰዋል። በብሉቱዝ ከታብሌት ጋር ይገናኛል፣ ልቡና ለቅሶው ለሚሰጠው አየር በራሱ ምላሽ ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይም አየሩ በቂ እንደነበርና የት እንደተቋረጠ አፑ ያሳያል። ሁለት ሚድዋይፎች ማንንም ሳይጠብቁ ተረኛ ሆነው ባሉበት ሊለማመዱበት ይችላሉ። ስለዚህ ከኮሌጁ ይልቅ ለተግባር ልምምድ የምትልኩበት ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ይበልጥ ይስማማዋል ባይ ነኝ።

ለዚህ ምክንያት አለኝ። ታንዛኒያ፣ ሃይደም ሆስፒታል ውስጥ ባለሙያዎች የአንድ ቀን ስልጠና ወሰዱ። ከሰባት ወር በኋላ ሲፈተኑ ማኒኪኑ ላይ ጎበዝ ሆነው ተገኙ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ግን አልተለወጠም ነበር። በኋላ እዚያው በሥራ ቦታቸው አጭር ልምምድ ቶሎ ቶሎ እንዲያደርጉ ሲደረግ፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚሞቱ ጨቅላዎች ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። ያን ጊዜ የተለማመዱትም በተራው ኒዮናታሊ ነው።

ሲምኒውቢን መጥላቴ አይደለም። ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ለማስገባት፣ በእትብት ደም ሥር መስመር ለመክፈት፣ ቡድን በአንድ ላይ ለማለማመድ ይበልጣል፤ የኒዮናታል ነርሲንግ ወይም የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ የምታስተምሩ ከሆነ ግዙት። ለዲግሪ ሚድዋይፈሪ ተማሪ ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ማነቃቃትና አየር መስጠት ነው። ደግሞ እንደ ሲምኒውቢ ያለ ዕቃ የሚያስነሳው አንድ ሰው ብቻ ይሆንና፣ እሱ ለትምህርት ሲሄድ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

«ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» የተባለው፣ ጨቅላ እንዲተነፍስ የመርዳት ስልጠና ሲሰጥ ለሁለት ሰልጣኝ አንድ ማኒኪን፣ ለስድስት ሰልጣኝ አንድ አሰልጣኝ ነው የሚባለው። 40 ተማሪ ካላችሁ 20 ማኒኪን መሆኑ ነው፣ ወይም ክፍሉን በፈረቃ መክፈል። ትልቁን ገዝታችሁ ይህን ማሟላት አይታሰብም።

ገንዘብ ከተረፈ ቀጥሎ የምገዛው የማዋለድ መለማመጃውን ማማናታሊን ነው። አስተማሪዋ ወገቧ ላይ ታስረዋለች፣ ምጡንም መድማቱንም እሷ ትቆጣጠራለች፣ ህፃኑ ኒዮናታሊ ይሆናል። እናቲቱ እየደማች ህፃኑ ካልተነፈሰ አንድ ሚድዋይፍ ማንን ታስቀድም? ይህንን በስላይድ ማስተማር ከባድ ነው።

ለካንጋሮ እንክብካቤ (ህፃኑን ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ለመያዝ)፣ ለጡት አያያዝና ህፃን ለመጠቅለል ልብስ ሰፊ ጋር በጨርቅ አሠርቶ ሆዱ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ አሸዋ መክተት ይበቃል። አየር ለመስጠት ግን በፍጹም አይሆንም፤ ደረቱ ስለማይነሳ ተማሪው ትክክል መሥራቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ የማኒኪኑን ዋጋ ብቻ አትዩ። 0 እና 1 ቁጥር ማስኮች ተለይተው እንዲጻፉ አድርጉ፤ መለዋወጫ አምቡ ባግም ጨምሩበት፣ ሲታጠብ ቫልቩ የሚጠፋ ዕቃ ነው። ለላይቭ ከሆነ አፑ በየትኛው ታብሌት እንደሚሠራ በጽሑፍ ጠይቁና ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ነጋዴው ራሱ አገናኝቶ፣ ማስክ ገጥሞ፣ ደረቱን አስነስቶ ያሳያችሁ።